የአንባቢያን ጥያቄ፦ እጄን ያወጣሁበት አሥር ዓመት

ባለፈው እትም ስለ ምክር ቤት ዘመኔ ሁለት አንቀጽ ብቻ ጽፌ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። በስልክ መልእክት የመጣ አለ፤ በደብተር ወረቀት ተጽፎ ቤቴ ድረስ የመጣም አለ። አንዱን ያመጣው የሠፈራችን ባጃጅ ነጂ ነው። «እናቴ ናት የላከችኝ። መልሱን ሳትይዝ አትግባ ብላኛለች» አለኝ። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ሙሉውን ለእናንተ ሰጥቻለሁ።

ለማታውቁኝ ባጭሩ፦ ሙያዬ መምህርነት ነው። ተወልጄ ያደግሁት ዲላ ነው። ከዲላ ወደ ላይ በሚወጣው የቡና አገር ለብዙ ዓመት አራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ከ1997 እስከ 2007 ዓ.ም. የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ምክር ቤት አባል ነበርኩ። ሁለት የምርጫ ዘመን ማለት ነው። አሁን ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ እኖራለሁ።

«እትዬ፣ የክልል ምክር ቤት አባል በየቀኑ ምን ይሠራል? ቢሮ አለው? ጠዋት ገብቶ ማታ ይወጣል?»
ከአቶቴ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ቢሮ አልነበረኝም፣ ልጄ። ምክር ቤታችን 348 መቀመጫ ነበረው። ሙሉ ጊዜያቸውን እዚያ የሚሠሩት አፈ ጉባኤው፣ ምክትላቸውና ጥቂት የቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢዎች ነበሩ። ሌሎቻችን በሥራችን ላይ ነን። መምህሩ ያስተምራል፣ ገበሬው ያርሳል፣ ነርሷ መርፌ ትወጋለች። ጉባኤ ሲጠራ ወደ ሐዋሳ እንመጣለን። መደበኛ ጉባኤ በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ ነው፤ ለጥቂት ቀናት።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤትን የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ያደርገዋል። ተጠሪነቱም ለክልሉ ሕዝብ ነው ይላል። ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ርእሰ መስተዳድሩን ይመርጣል፣ ቢሮዎችን ይቆጣጠራል። ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ነው።

ግን በዓመት ከ365 ቀን ውስጥ አዳራሹ ውስጥ የምንቀመጠው ስንቱን ነው? የቀረውን ቀን አባልነትሽ የሚፈተነው ገበያ ላይ ነው፤ ለቅሶ ቤት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው። እኔን ሰው የሚያገኘኝ ትምህርት ቤት ነበር። ደወል ሲደወል ከክፍል ስወጣ ዛፍ ሥር ሦስት አራት ሰው ተቀምጦ ይጠብቀኛል። አንዱ የውሃ ቦኖ ደረቀብን ይላል። አንዷ ልጄ ጤና ጣቢያ ሄዳ መድኃኒት አጣች ትላለች። አብዛኛው ግን የቡና ነገር ነው። ቡና ዋጋ ወደቀ፣ የእሸት ቡና ዋጋ አነሰ፣ ነጋዴው ሚዛን ሰረቀ።

እዚህ ላይ ሁሌም የምቸገርበትን ነገር ልንገርሽ። የሚዛኑን ነገር ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ማቅረብ እችላለሁ። የዋጋውን ግን አልችልም። የቡና ግብይት ሕግ የፌዴራል ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቡናው በአዲስ አበባው ምርት ገበያ በኩል መሸጥ ሲጀምር ደግሞ ነገሩ ከእኔ ይበልጥ ራቀ። ዋናው ዋጋ ከውቅያኖስ ማዶ ነው የሚወሰነው። ይህን ለአንድ አባወራ ማስረዳት ከባድ ነው። «ታዲያ አንቺ የምን ተወካይ ነሽ?» ይላል። ልክ ነው። ግን «እሺ አያለሁ» ብሎ ከመሸኘት «ይህ በእኔ እጅ አይደለም፤ በፌዴራል ተወካይህ በኩል ነው» ማለት ይሻላል። ይህን ለመማር ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። በነዚያ ሁለት ዓመታት «እሺ» ብዬ የሸኘኋቸው ሰዎች ፊት ዛሬም ይታየኛል።

«ጽሑፍዎን አነበብኩ። ግን እውነቱን እንነጋገር። እናንተ እኮ የቀረበላችሁን ሁሉ እጅ እያወጣችሁ ታሳልፉ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ‹አይሆንም› ብለዋል?»
ከመናኸሪያ፣ ነጋዴ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ሦስት ቀን ይዤው ከረምኩ። በአሥር ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ የተቃውሞ ድምጽ አልሰጠሁም። ሁለት ጊዜ ድምጸ ተአቅቦ አድርጌያለሁ። ያለው ይኸው ነው።

ነገሩ እንዴት እንደነበር ላስረዳዎት እንጂ ላስተባብል አይደለም። በ1997ቱ ምርጫ ስገባ አዳራሹ ውስጥ የተቃዋሚ ፓርቲ ሰዎችም ነበሩ። ክርክር ይሰማ ነበር። ከ2002ቱ ምርጫ በኋላ ግን በመላ አገሪቱ ከነበሩት 1,904 የክልል ምክር ቤት መቀመጫዎች 1,903ቱን ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ወሰዱ። እኔም በዚያው ወገን የተመረጥኩ ነኝ። አዳራሹ የአንድ ቤት ሰዎች ሆነ። ከጉባኤው በፊት ለብቻችን እንሰበሰባለን። የሚጨቃጨቅ ካለ እዚያ ይጨቃጨቃል። ጠዋት አዳራሽ ስንገባ ነገሩ አልቋል። እጅ ይወጣል፣ «በሙሉ ድምጽ ጸድቋል» ይባላል፣ ይጨበጨባል።

የመጀመሪያው የበጀት ጉባኤዬ ሐምሌ 1998 ነበር። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የክረምት ጉባኤ ማለት የበጀት ጉባኤ ነው። ሰነዱ የደረሰን ሲመሽ ነው። ፒያሳ አካባቢ አንዲት ፔንሲዮን ከከፋ ከመጣች ነርስ ጋር አንድ ክፍል ይዘን ነበር የምናድረው። መብራት ጠፋ። ሻማ አበራን። ከበጀቱ ጋር የመጡ የሕግ ረቂቆችም ነበሩ። ነርሷ «ነገ ያብራሩልናል» አለችና ተኛች። እኔም ጥቂት ገልጬ ተኛሁ። በማግስቱ እጄን አወጣሁ።

ካጸደቅናቸው አንዱ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ማሻሻያ ነበር። ይህ የክልል ሥልጣን ነው። የፌዴራል አይደለም፤ የዓለም ገበያ አይደለም፤ የእኛ ነው። በዓመቱ አንድ ጎረቤቴ ደረሰኝ ይዞ መጣ። አነስተኛ ማሳ ያለው ሰው ነው። «መምህርት፣ ይህን ያጸደቅሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ። አልተቆጣም። ማወቅ ፈልጎ ነው። ሕጉን መጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የዚያን ማታ ነው። እጄን አውጥቼ ካጸደቅሁት በኋላ! ተማሪ ሳያነብ ፈተና ቢቀመጥ የምቆጣ ሰው ነኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር አደረግሁ። አንደኛ፣ ሰነድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ እንዲሰጠኝ በየጉባኤው እየሄድኩ መጠየቅ ጀመርኩ። አንዳንዴ ይሰጡኛል፤ አንዳንዴ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ። ሁለተኛ፣ ባለ 100 ቅጠል ደብተር ገዛሁ። በግራ ገጽ ሕዝቡ የጠየቀኝን፣ በቀኝ ገጽ ያገኘሁትን መልስ እጽፋለሁ። ቀኙ ገጽ ባዶውን የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነበር።

አሁን ስለ ድልድዩ ልንገርዎ። ይህን ሳልናገር የእርስዎን ጥያቄ መለስኩ ማለት አልችልም።

በእኛ ቀበሌና በማዶው ቀበሌ መሀል ወንዝ አለ። በበልግ፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሲሞላ የማዶ ልጆች ትምህርት ቤት አይመጡም። ስም ስጠራ «የለም፣ የለም፣ የለም» እያልኩ የምጽፍበት ወር ነው። ሐምሌ 1999 ላይ የበጀት መጽሐፉን በማስመሪያና በቀይ እስክሪብቶ ስፈትሽ የእግረኛ ድልድይ የሚል መስመር አገኘሁ። የእኛው ነው። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ተመልሼ ለሕዝቡ «በጀት ተይዟል» አልኩ። እልል ተባለ።

ዓመት አለፈ። ድልድይ የለም። ሐምሌ 2000 መጽሐፉን ገለጥኩ። ያው መስመር እንደገና አለ። ተመልሼ «ዘንድሮም ተይዟል» አልኩ። በዚህ ጊዜ እልል ያለ የለም። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ልጄ፣ አምናም ተይዟል ብለሽን ነበር። የያዘው ማን ነው? ያ ሰውዬ ይልቀቀውና እንሻገር» አሉ።

የሳቀ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። ምክንያቱም «ተይዟል» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ እኔ ራሴ እንደማላውቅ የገባኝ ያኔ ነው። በጀት ተፈቀደ ማለት ገንዘቡ ወጣ ማለት አይደለም። አንድ መስመር ላይ ሦስት ቁጥር መፈለግ አለብዎት። የተፈቀደው፣ በዓመቱ መሀል የተስተካከለው፣ በመጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው። የእኛ መጽሐፍ ላይ የሚታየው የመጀመሪያው ብቻ ነበር። የቀሩትን ለማግኘት ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ተመላለስኩ። ሦስተኛ ጉዞዬ ላይ አንዲት ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ አዘነችልኝና አሳየችኝ። የድልድዩ ገንዘብ በሁለቱም ዓመት በበጀት ዝውውር ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል። ሥራ ላይ የዋለ፦ ዜሮ። የውሃ ሽታ ሆኗል።

ሐምሌ 2001 ላይ መስመሩ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። እጄን አወጣሁ፤ በዚህ ጊዜ ለመናገር። «የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ይህ ድልድይ ሁለት ጊዜ ጸድቆ ሁለት ጊዜ ዜሮ ሆኗል። ዘንድሮ የሚለየው በምንድን ነው?» አልኩ። የሚመለከታቸው ኃላፊ «በሂደት ላይ ነው» አሉ። ሁለተኛ ዕድል ጠየቅሁ። ተሰጠኝ። «ሂደቱ የት ደረሰ? ገንዘቡስ ወዴት ሄደ?» አልኩና ከደብተሬ ቁጥሮቹን አነበብኩ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ድምጼ ግን ወጣ። ከሁለቱ ድምጸ ተአቅቦዎቼ አንዱ የዚያን ቀን ነው።

ሻይ እረፍት ላይ አንድ የማከብራቸው ሰው ጠጋ ብለው «ይህን ማታ በስብሰባችን ብታነሺው አይሻልም ነበር?» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ለእኔ አስበው ነው። እኔ ግን አሁንም መልሴ አንድ ነው። ማታ ባነሣው ኖሮ ቃለ ጉባኤ ላይ አይሰፍርም ነበር። ያ ኃላፊም በሕዝብ ፊት መልስ አይሰጥም ነበር። ጥር 2003 ላይ በዚያ ወንዝ ላይ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቶ ተሻገርኩበት። ሽማግሌው ግን አላዩትም። ከዚያ ቀደም ብለው ዐርፈው ነበር።

እና ወንድሜ፣ «አይሆንም» ብዬ እጄን ማውጣት የነበረብኝ ጊዜ ነበር። አላወጣሁም። በዚህ አዝናለሁ። ባደረግሁት ነገር የምኮራው በዚያች አንድ ጥያቄና እሷን በመሰሉ ጥቂት ጥያቄዎች ነው።

«አባታችን ካረፈ በኋላ የአጎታችን ልጆች መሬቱን እንካፈል ብለው እናታችንን ያስጨንቋታል። ለምክር ቤት ተወካያችን ብንነግረው ‹እኔ ምንም ማድረግ አልችልም› አለን። ታዲያ ለምን መረጥነው?»
ከሀዌላ ቱላ፣ ሁለት እህትማማቾች

ልጆቼ፣ ተወካያችሁ ግማሽ እውነት ነግሯችኋል። የምክር ቤት አባል ሕግ አውጪ ነው። ዳኛን ወይም የመሬት ባለሙያን «እንዲህ ወስን» ብሎ ማዘዝ አይችልም። ቢያዝም እሺ ሊባል አይገባም። ዛሬ ለእናንተ ያዘዘ ነገ ለአጎታችሁ ልጆች ያዝዛል። ነገር ግን የት እንደምትሄዱ ሊነግራችሁ ይችል ነበር። ያንን እኔ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የይዞታ ደብተሩን ፈልጉ። የእናታችሁ ስም አለበት? የ1997ቱ የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት የይዞታ ደብተር በሁለቱም ስም እንዲሆን ደንግጎ ነበር። የደቡብ ክልልም በ1999 በአዋጅ ቁጥር 110 የራሱን የገጠር መሬት ሕግ አወጣ። ያንን ሕግ አንብቤ ነው እጄን ያወጣሁት። በ2016 ደግሞ አዲስ የፌዴራል አዋጅ፣ ቁጥር 1324፣ የ456ን ቦታ ወስዷል። የእናታችሁ የጋራ ባለይዞታነት በባሏ ሞት አይቀርም። ደብተሩ ከጠፋ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ላይ ስሟ ይፈለጋል። ነገሩ ክርክር ከሆነ መጨረሻው ፍርድ ቤት ነው። ለጠበቃ የሚሆን ገንዘብ ከሌላችሁ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። እናታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እስከዚያው ምንም ወረቀት ላይ ጣቷን እንዳታሳርፍ! ሽማግሌ ፊት እንኳ ቢሆን፣ ምን እንደሚል ሳይነበብላት አትፈርም።

ስለዚያ ደብተር አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ ይለጠፍ ነበር። ፎቶ አንሺው በገበያ ቀን ወደ ቀበሌያችን መጣ። ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ሰቀለ። በሕይወታቸው ፎቶ ተነሥተው የማያውቁ እናቶች ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተሰለፉ። አንዷ የተማሪዬ እናት «መሬቱ ላይ እኔም አለሁ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። አዋጅ ማለት ወረቀት ብቻ የሚመስላችሁ ካለ፣ እኔ ያንን ሰልፍ አይቻለሁ።

«ደመወዙ ስንት ነበር? መኪናስ ይሰጣል?»
ስሙን ያልጻፈ አንባቢ

ለአብዛኛው አባል የምክር ቤት ደመወዝ የለም። የመምህርነት ደመወዜን እበላ ነበር። ጉባኤ ስንመጣ የቀን አበልና የትራንስፖርት ይታሰብልናል። የሙሉ ጊዜ ኃላፊዎች ነገር ሌላ ነው። እኔ የመጣሁትም የተመለስኩትም በሕዝብ ማመላለሻ ነው።

«24 ዓመቴ ነው። ለሲዳማ ክልል ምክር ቤት አንድ ቀን መወዳደር እፈልጋለሁ። እናቴ ‹ሴት ልጅ ፖለቲካ ውስጥ ገብታ ስሟ አይተርፍም› ትለኛለች። እርስዎ ምን ይሉኛል?»
ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ

እናትሽ የምትፈራው ነገር አለ። አልዋሽሽም፤ እኔም ስሜ ተነሥቷል። ሐዋሳ ፔንሲዮን የምታድር ባለትዳር ሴት ያኔ ብዙ አይታይም ነበር። አንዳንድ ሰው ባለቤቴን ገበያ ላይ አስቁሞ ይጠይቀው ነበር። እሱ «ሥራ ላይ ናት» ብሎ ያልፋል። ከዚህ በላይ ተናግሮ አያውቅም፤ ይህም በቂዬ ነበር። እግዚአብሔር ይስጠውና ጉባኤ ስሄድ ልጆቹን ያበላው እሱ ነው። ግን የመጀመሪያ ልጄ ወባ ይዟት ጤና ጣቢያ ስታድር እኔ አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። ዜናውን የሰማሁት ጉባኤው ሲያልቅ ነው። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆናለች። አሁንም አንዳንዴ ታነሣብኛለች። ይህን አውቀሽ ግቢ።

የሕጉ ነገር ቀላል ነው። ለመምረጥ 18፣ ለመመረጥ 21 ዓመት ነው። ዕድሜሽ ደርሷል። የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ ግዴታ ነው። ሲዳምኛ መስማት ብቻ አይበቃም። ቆመሽ መከራከር፣ ረቂቅ አንብበሽ መተቸት አለብሽ። እኔ ቅስቀሳ ያደረግሁት በጌዴኦኛ ነው፤ ምክር ቤት የምናገረው በአማርኛ ነበር። ሁለቱንም ባልችል ኖሮ ግማሽ ተወካይ እሆን ነበር። የተቀረውን መስፈርት ከምርጫ ቦርድ ጽሕፈት ቤት ጠይቂ። በግል ብትወዳደሪ የድጋፍ ፊርማ ማሰባሰብ አለ።

ከመወዳደርሽ በፊት ግን የቀበሌ ስብሰባ ግቢ። የሴቶች ስብሰባ፣ የወላጅ ኮሚቴ፣ የዕድር ጉባኤ፣ ያገኘሽውን ሁሉ። ቃለ ጉባኤ መጻፍ ልመጂ። ቃለ ጉባኤ የምትጽፍ ሴት ስብሰባው ምን እንደወሰነ ከሁሉም በላይ ታውቃለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ከተመረጥኩ በሁለተኛው ወር ጠዋት በሬን ስከፍት ግማሽ ኩንታል ደረቅ ቡና ተቀምጦ አገኘሁ። ማን እንዳስቀመጠው አውቄያለሁ። የመንገድ ሥራ ይፈልግ ነበር። ልጄንና አንድ ጎረቤት ይዤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ፣ ተሸክመን መለስንለት። በድብቅ ብመልሰው ኖሮ መመለሴን ማንም አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ በሬ ላይ ምንም ነገር ተቀምጦ አያውቅም። አንቺም የመጀመሪያዋን ስጦታ በቀን መልሺ።

ለእናትሽ ደግሞ ሰላምታ አቅርቢልኝ። ከፈቀደች ቡና ልንጠጣ ትምጣ።

«የደቡብ ክልል የሚባለው ዛሬ የለም። ዕድሜዎን የሰጡት ምክር ቤት ሲከፋፈል ምን ተሰማዎት?»
ከባሕል አዳራሽ ክፍለ ከተማ፣ ጡረተኛ

ጋሼ፣ ይህን ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ሆድ ይፍጀው ብዬ ትቼው ነበር።

ኅዳር 10 ቀን 2012፣ ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን ወይስ አይሁን የሚለው ሕዝበ ውሳኔ የተካሄደ ዕለት፣ ማለዳ ወጣሁ። ሰልፉ ከንጋት ጀምሮ ነው። ጎረቤቶቼ የባህል ልብሳቸውን ለብሰው ነበር። የድምጽ መስጫ ምልክቶቹ ሁለት ነበሩ፤ ሻፌታ (የሲዳማ ባህላዊ የምግብ ማቅረቢያ ዕቃ) ለሲዳማ ክልል፣ ጎጆ ለነባሩ ክልል። 98.5 በመቶው ሻፌታን መረጠ። ሰኔ 2012 ላይ ርክክቡ ተፈጸመ። በ2014 ኅዳር የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። በ2015 መጨረሻ የቀረው ክፍል ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ የሚባሉ ሁለት ክልሎች ሆነ። የእኔ መራጮች አሁን ያሉት በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ነው።

የሰልፉን ሰዎች ፊት አይቻለሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 የተጻፈውን፣ የራስን ክልል የመመሥረት መብታቸውን ነው የተጠቀሙት። ልጅ እያሉ ስለዚህ ቀን ከአባቶቻቸው የሰሙ ሰዎች ናቸው። ደስታቸው ደስ አሰኘኝ። በዚያው ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩም። ሁለቱም እውነት ነው።

ያለቀስኩት ለወንበሮቹ ነው። በክልሉ 56 ብሔረሰቦች ነበሩ። በእኔ ረድፍ ከከፋ የመጣችው ነርስ፣ ከኮንሶ የመጡ ገበሬ፣ ከጉራጌ የመጣ ነጋዴ፣ ከደቡብ ኦሞ የመጡ አርብቶ አደር ተቀምጠው ነበር። ለአብዛኞቹ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ቀስ ብለው፣ ቃል እየመረጡ ይናገሩ ነበር። እኒያ አርብቶ አደር ስለ ከብት ውሃ ሲናገሩ ስለ እኔ ወንዝ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። የድልድዩን ጥያቄ ባነሣሁ ቀን መጀመሪያ ጠረጴዛ የመቱልኝም እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ረድፍ ከዚያ በኋላ አላየሁም። ከነርሷ ጋር እስከዛሬ እንደዋወላለን።

«እኔ መወዳደርም ተወካይ መፈለግም አልፈልግም። ለወረዳችን የተመደበውን ገንዘብ በዓይኔ ማየት ብቻ ነው የምፈልገው። ይቻላል?»
በባጃጅ የተላከው ወረቀት

እህቴ፣ ይቻላል። በጀት የሕዝብ ሰነድ ነው። እኔ አባል በነበርኩበት ዘመን የወረዳ በጀት ለሕዝብ በቀላል ሰንጠረዥ ተዘጋጅቶ በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ የሚያደርግ አሠራር ተጀምሮ ነበር። ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል፣ ለውሃ ይህን ያህል እያለ። በከተማ ከሆንሽ ክፍለ ከተማ ሂጂ፤ በገጠር ከሆነ የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ነው። ሰሌዳው ላይ ከሌለ ገብተሽ ጠይቂ። «ለምን ፈለግሽው?» ካሉሽ «ነዋሪ ነኝ» በይ። ሌላ ምክንያት አያስፈልግሽም። የመረጃ ነጻነት ሕግ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ይባላል። ጥያቄሽን በጽሑፍ አድርጊና አንድ ኮፒ ላይ ቀን አስፈርመሽ ያዢ።

ሰንጠረዡን ስታገኚ የዘንድሮውን ብቻ አትዪ። የአምናውንም ጠይቂ። የተፈቀደው ስንት ነበር፣ የወጣው ስንት ነው በይ። ወረቀቱን ለልጅሽ ስጪውና በባጃጁ ይዞልኝ ይምጣ። ማስመሪያና ቀይ እስክሪብቶ እኔ ጋ አለ።